የሴትና የወንድ ልብ ከረጅም ሩጫ በኋላ እንዴት ያገግማል?

ዓርብ ኦገስት 9 ቀን 2024 ማታ ሲፋን ሐሰን ፓሪስ ላይ 10,000 ሜትር ሮጣ ነሐስ አገኘች። ከአራት ቀን በፊት 5,000 ሜትሩንም በነሐስ ጨርሳ ነበር። እሑድ ጠዋት ደግሞ ማራቶን መነሻው ላይ ቆመች፤ ከ10,000 ሜትሩ ወዲህ ያገኘችው ዕረፍት 35 ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሳ፣ ትግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ወርቁን ወሰደች። አዳማ የተወለደች ልጅ በኔዘርላንድስ ማሊያ የእኛዋን መቅደሟ የሚያንገበግበውን ያህል አንገብግቦን ሲያበቃ፣ ሌላ ጥያቄ ይቀራል፦ የሰው ልብ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እንዲህ የሚያገግመው እንዴት ነው? ሴት በመሆኗ ይሆን?

ለሁለተኛው ጥያቄ ፈጣን መልስ አለ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ 10,000፣ 5,000 እና ማራቶንን በስምንት ቀን ውስጥ ጠቅልሎ አሸንፏል፤ እሱ ደግሞ ወንድ ነው። ከሻምፒዮኖች ተነስቶ ስለ ሴት ሁሉ ወይም ስለ ወንድ ሁሉ መናገር አያዋጣም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ራሱ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ከሩጫ በኋላ ሰውነት ውስጥ የሚካሄደው ነገር ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይሄድም። የልብ ምት በደቂቃዎች ይወርዳል። የደም ግፊትና የደም ሥሮች ወደ ቦታቸው ለመመለስ ሰዓታት ይፈልጋሉ። የልብ ጡንቻው፣ የደሙ መጠንና የነርቡ ሚዛን ደግሞ ቀናት ይወስዳሉ። የሴትና የወንድ ልዩነትም በየደረጃው ይለያያል፤ አንዱ ጋ ጎልቶ ይታያል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። “ሴቶች ቶሎ ያገግማሉ” ወይም “ወንዶች ይሻላሉ” የሚል ርዕስ ስታዩ፣ ጸሐፊው የቱን እንደለካ ሳታውቁ አትመኑት።

መነሻው ላይ ያለው ልዩነት

የሴት ልብ በአማካይ ከወንድ ልብ ያንሳል። የቁመትና የክብደት ልዩነት ታስቦ ሲስተካከል እንኳ ደሙን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው የግራ ታችኛው ክፍል አነስ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ምት የሚወጣው ደም ትንሽ ነው። በትንሽ ጣሳ በርሜል የሚሞላ ሰው ቶሎ ቶሎ እንደሚቀዳ ሁሉ፣ የሴት ልብም ያንኑ ያህል ደም ለማድረስ ብዙ ጊዜ ይመታል። ባልና ሚስት ጎን ለጎን በአንድ ፍጥነት ሲሮጡ የእሷ ሰዓት ከፍ ያለ ምት ቢያሳይ፣ ከዚህ ብቻ ተነስቶ “ልምምድ ጎድሎሻል” ማለት አይቻልም።

ደሙም ይለያል። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በሴቶች ደም ውስጥ ከወንዶች በ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሴል በብዛት እንዲመረት ይገፋፋል፤ የወር አበባ ደግሞ በየወሩ ብረት ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ በየቦታው እኩል አይደለም። ሲንቲያ ቤል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ደገኞችን ደም ለክተው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ ዝነኛ የሆነው በሌላ ምክንያት ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደማቸው ቆላ እንደሚኖር ሰው ደም መሆኑ ሳይንቲስቶቹን አስደንቋል። ለእኛ ጉዳይ ግን በሴቶቹና በወንዶቹ መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ጠበብ ማለቱም ልብ ይባል።

እነዚህ ነገሮች ፍጥነት ላይ በግልጽ ይታያሉ። በ2023 ኬልቪን ኪፕቱም ቺካጎን በ2:00:35፣ ትግስት አሰፋ በርሊንን በ2:11:53 ሮጠዋል፤ ልዩነቱ 9 በመቶ ከግማሽ ያህል ነው። ማገገም ላይ ግን “ትልቅ ልብ ያለው ያሸንፋል” የሚለው ሒሳብ አይሠራም።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚገርመው ክፍል ይህ ነው፤ ሰው ሜዳልያውን እየጠበቀ ቆሞ የሚወድቀው በእነዚህ ደቂቃዎች ነውና።

በሩጫ ጊዜ የእግር ደም ሥሮች በሰፊው ተከፍተዋል። ወደ ታች የወረደው ደም ወደ ላይ የሚመለሰው ልብ ስቦት ብቻ አይደለም፤ የባትና የጭን ጡንቻዎች በእያንዳንዱ እርምጃ ደም መልሶቹን እየጨመቁ ይገፉታል። ሯጩ ማጠናቀቂያውን አልፎ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህ ግፊት በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። የደም ሥሮቹ ግን እንደተከፈቱ ናቸው። ደሙ እግር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ አንጎል ደም ያጥረዋል። አንገትና ደረት ውስጥ ያሉ ደም ቅዳዎች ላይ ያሉት የግፊት መለኪያ ነርቦች ይህን አውቀው “ምት ጨምር፣ ደም ሥር አጥብብ” የሚል መልእክት ያስተላልፋሉ። መልእክቱ ቶሎ ካልደረሰ ወይም ደም ሥሮቹ ካልታዘዙ ሯጩ ዓይኑ ይጨልምበትና ይወድቃል።

ሴቶች ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው የልቡ መጠን ነው፤ ትንሽ ልብ የሚመለሰው ደም ጥቂት ሲቀንስበት የሚረጨው መጠን ቶሎ ይወርዳል። ሁለተኛው ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ወጣት ሴቶች ላይ የነርቡ “አጥብብ” የሚል ትእዛዝ ደም ሥሩ ጋ ሲደርስ፣ እዚያው ያሉ ተቀባዮች ደግሞ በተቃራኒው ደም ሥሩን ያላሉታል፤ አንዱ ሌላውን ስለሚያጣፋ ውጤቱ ይለዝባል። ኤስትሮጅንም የደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመርት እየረዳ ደም ሥሩን ለስላሳ ያደርገዋል። ይህ በዕለት ተዕለት ኑሮ በረከት ነው፤ ወጣት ሴቶች ከእኩዮቻቸው ወንዶች ዝቅ ያለ የደም ግፊት የሚኖራቸው በከፊል በዚህ ነው። ከሩጫ በኋላ ቆመው በሚቀሩባት ደቂቃ ግን ያው በረከት እዳ ይሆናል። በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወንዶችና ሴቶችን ካሠራ በኋላ ሲያነጻጽራቸው፣ ዝም ብለው ሲያርፉ የሴቶቹ ግፊት ከወንዶቹ ይበልጥ ወረደ፤ እግራቸውን ቀስ ብለው ማንቀሳቀስ ሲቀጥሉ ግን ነገሩ ተሻሻለ።

አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2:12:11 አሸንፎ ሲገባ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። እሱ ሣሩ ላይ ሆኖ እግሩን እያነሳና እየጣለ ጂምናስቲክ መሥራት ጀመረ። ዓለም ያየው እንደ ትርዒት ነው፤ ለደም ዝውውሩ ግን ከዚያ የተሻለ ነገር ማድረግ አይቻልም ነበር። ተራው ሯጭ ጂምናስቲክ አያስፈልገውም። አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ ይበቃል። ከተዞረበት ደግሞ ጋደም ብሎ እግርን ከፍ ማድረግ ነው፤ የወደቀን ሰው አቅፎ ለማቆም የሚደረገው የእኛ ሩጫ ደጉን አስቦ ክፉ የሚሠራ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። ከጨረሱ በኋላ ቆሞ መውደቅ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተነገረው የደም መጠራቀም ነው፤ በደቂቃዎች ይስተካከላል። ገና እየሮጡ ሳለ ራስን መሳት ግን ሌላ ነው። ያ የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሴትም ሆነ ወንድ ሳይመረመር ተመልሶ መሮጥ የለበትም።

የልብ ምቱስ? ሩጫው እንዳበቃ መጀመሪያ ምቱን የሚያወርደው ቬገስ የሚባለው ነርብ ነው፤ የሚያጣድፈው ነርብ እጁን የሚሰበስበው ቀስ እያለ ነው። ክሊቭላንድ ክሊኒክ ላይ ተሠርቶ በ1999 የታተመ ታዋቂ ጥናት፣ ከልብ ምርመራ እንቅስቃሴ በኋላ በመጀመሪያው ደቂቃ ምታቸው 12 ወይም ከዚያ በታች ብቻ የሚወርድ ሰዎች በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ሰዓት ሠሪዎች ይህን ቁጥር የወደዱት ያኔ ነው። በዕረፍት ጊዜ የቬገስ ነርብ ድርሻ በሴቶች ላይ ከወንዶች ከፍ እንደሚል ከ170 በላይ ጥናቶችን የጨመቀ የ2016 ትንተና አሳይቷል። ከዚህ ተነስቶ የሴቶች ምት ከሩጫ በኋላም ቶሎ ይወርዳል ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ ጥናቶቹ ግን አይስማሙም፤ አንዱ ሴቶችን፣ ሌላው ወንዶችን ያስቀድማል። የሚስማሙበት ነገር ልምምድ ያለው ሰው፣ ጾታው ምንም ይሁን ምን፣ ከሌለው በጣም ቀድሞ ምቱ እንደሚወርድ ነው። ሙቀትና የውሃ ጥም ደግሞ የማንንም ምት ያዘገያሉ።

ቀጣዮቹ ሰዓታት

ከሩጫ በኋላ የደም ግፊት ከመነሻው በታች ወርዶ ለሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ግፊቱን የሚያወርደው ነገር ግን በሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ጆን ሃሊዊል የሚመሩት የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2002 ባሳተመው ጥናት፣ ልምምድ ያላቸውና የሌላቸው ወንዶችና ሴቶች ለአንድ ሰዓት ብስክሌት ከመቱ በኋላ የሁሉም ግፊት በተቀራራቢ መጠን ወረደ። ውስጡ ሲታይ ግን፣ ልምምድ በሌላቸው ወንዶችና በሁለቱም ዓይነት ሴቶች ላይ ግፊቱ የወረደው ደም ሥሮቹ ተከፍተው በመቆየታቸው ነበር። ልምምድ ባላቸው ወንዶች ላይ ደግሞ ደም ሥሮቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ልቡ የሚረጨው ደም ቀንሶ ተገኘ። የአንድ ሰዓት ብስክሌት ማራቶን አይደለም፤ ቢሆንም ግፊት መለኪያው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ እያገገሙ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ደም ሥሮቹን ክፍት አድርጎ ከሚያቆያቸው ነገሮች አንዱ ሂስታሚን መሆኑን ያው ቡድን አረጋግጧል፤ አዎ፣ አፍንጫችንን የሚያሳክከው ያው ሂስታሚን።

በዚህ ሰዓት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሙቅ ሻወር ሥር መቆም ወይም ቢራ መደራረብ የተከፈተውን ደም ሥር ይበልጥ መክፈት ነው።

ውሃስ? “የጠፋውን ላብ በውሃ ተኩ” የሚለው ምክር ከልክ ሲያልፍ የደምን ጨው ያቀጥናል። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮች ደም ሰጥተው፣ 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ከመደበኛው በታች ሆኖ ተገኘ፤ ከሴቶቹ 22 በመቶ፣ ከወንዶቹ 8 በመቶ ነበር። ጉዳዩ የሴት ተፈጥሮ ይመስላል። የሰውነት መጠንና የሮጡበት ሰዓት ታስቦ ሲሰላ ግን ጾታ ራሱን የቻለ ምክንያት መሆኑ ቀረ። ትንሽ ሰውነት ያለውና ብዙ ሰዓት መንገድ ላይ የሚቆይ ሰው፣ በየጣቢያው እንደ ሌላው እኩል ከጠጣ፣ ወንድም ቢሆን ያው ይደርስበታል። ስለ ጾታ ልዩነት ከሚነገረው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ጠጋ ተብሎ ሲታይ እንዲህ የቁመት፣ የክብደት ወይም የፍጥነት ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

ቀናቱ

ከማራቶን በኋላ ደም ተወስዶ ትሮፖኒን ቢለካ፣ የአብዛኛው ሯጭ ውጤት ከመደበኛው ወሰን ያልፋል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው፤ ሐኪሞች የልብ ደም ቅዳ ድንገት ሲዘጋ የሚመጣውን ሕመም (ሀርት አታክ) የሚለዩት በእሱ ነው። ሯጮች ላይ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወርዳል፤ ደም ቅዳው ተዘግቶ ሕመም እንደሚያመጣው ጉዳት አይዘገይም። የሴቶችና የወንዶች ወሰን እዚህ ላይ የተለያየ ነው፤ በሰፊው ከሚሠራባቸው መመርመሪያዎች በአንዱ የወንዶች ወሰን 34፣ የሴቶች 16 ናኖግራም በሊትር ነው። ሁለቱን በአንድ መስፈርት የሚያይ የድንገተኛ ክፍል፣ ደረቷን አሟት የመጣች ሴትን “ምንም የለብሽም” ብሎ ሊመልሳት ይችላል።

የልብ ጡንቻውም ይደክማል። በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ በተለይ ደሙን ወደ ሳንባ የሚገፋው የቀኝ ክፍል ከረጅም ውድድር በኋላ ሰፋ፣ ላላ ብሎ ይታያል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአብዛኛው ይመለሳል። ማን ይበልጥ ይደክማል? በ2004 እና በ2005 የቦስተን ማራቶን ላይ 60 አማተር ሯጮችን የተከታተለ ጥናት የሰጠው መልስ ይመቸኛል፦ በሳምንት ከ56 ኪሎ ሜትር በታች ሲለማመዱ የነበሩት ይበልጥ ደከሙ፤ ትሮፖኒናቸውም ይበልጥ ከፍ አለ። እዚህ ላይ ዋናው መለያ ወንድነት ወይም ሴትነት ሳይሆን ዝግጅት ነው።

በሌላ በኩል፣ ሴቶች ከመነሻውም ከወንዶች ያነሰ ጉዳት ይዘው የሚጨርሱበት ምክንያት አለ። በተመጣጣኝ ጥረት ሲሮጡ ከወንዶች ይበልጥ ስብ ያነዳሉ፤ በጡንቻ ውስጥ የተቀመጠውን ስኳር ይቆጥባሉ። ፍጥነታቸውንም ይጠብቃሉ፤ 14 የአሜሪካ ማራቶኖችን ውጤት፣ ከ91,000 በላይ ሯጮችን ያነጻጸረ ጥናት በሁለተኛው ግማሽ ወንዶቹ በአማካይ 15.6፣ ሴቶቹ 11.7 በመቶ እንደዘገዩ አሳይቷል። በሞንብላን ተራራ ዙሪያ 110 ኪሎ ሜትር ከሮጡ በኋላ ሲለኩም የወንዶቹ የባት ጡንቻ ከሴቶቹ ይበልጥ ተዳክሞ ተገኝቷል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ደረጃ እየወረደች የምትስቀው እሷ፣ የእጅ መደገፊያውን ይዞ የሚወርደው እሱ ቢሆን አይገርምም። በከፊል ተፈጥሮ ነው፤ በከፊል ደግሞ እሱ የመጀመሪያውን አሥር ኪሎ ሜትር እንደ ኃይሌ መሮጡ ነው።

ለዓመታት የቆየ ልምምድስ ምን ይተዋል? ጀርመን ውስጥ በትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ) ተወዳዳሪዎች ላይ የተሠራና በ2018 የታተመ የኤምአርአይ ጥናት፣ ከ54 ወንዶች 17 በመቶው የልብ ጡንቻ ላይ የጠባሳ ምልክት ሲያገኝ፣ ከ29ኙ ሴቶች አንዷም ላይ አላገኘም። ጠባሳ የታየባቸው ወንዶች ረዘም ያለ ርቀት የሚወዳደሩና በእንቅስቃሴ ጊዜ ግፊታቸው ከፍ የሚል ነበሩ። ዕድሜያቸው በገፋ ሯጮች ላይ የተሠራ ሌላ የእንግሊዝ ጥናትም በወንዶቹ የልብ ደም ቅዳዎች ላይ ከማይሮጡ እኩዮቻቸው የበዛ የስብና የካልሲየም ክምችት አይቷል፤ ሴቶቹ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ከዚህ ተነስቶ “ሩጫ የወንድን ልብ ይጎዳል” የሚል መደምደሚያ ላይ የሚዘል አለ። እኔ አልዘልም። በ2016 እና በ2017 ለለንደን ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋጁ 138 ሰዎችን የተከታተለው ጥናት፣ የወራት ልምምድ ግፊታቸውን ከማውረዱም በላይ የዋናውን ደም ቅዳ “ዕድሜ” በአራት ዓመት ገደማ መልሶታል፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ፣ ዘገም ብለው የሚሮጡና ግፊታቸው ከፍ ያለ ወንዶች ነበሩ።

የሚያስፈራው ጉዳይ

በማራቶንና በግማሽ ማራቶን ላይ ድንገት ልባቸው የሚቆምባቸው ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ በእነዚህ ጥቂቶች መካከል ግን የጾታው ልዩነት ሰፊ ነው። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ከ10.9 ሚሊዮን ሯጮች መካከል በ59 ሰዎች ላይ የልብ መቆም ተመዝግቦ 51ዱ ወንዶች ነበሩ። ከ2010 እስከ 2023 ድረስ ከ29 ሚሊዮን በላይ ሯጮችን ያየው ተከታይ ጥናትም ያንኑ ምስል አሳየ፤ ከ100,000 ወንዶች 1.12፣ ከ100,000 ሴቶች 0.19። ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ምክንያቱ በዋናነት የልብ ደም ቅዳ ሕመም በወንዶች ላይ በአሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ቀድሞ መጀመሩ ነው። በሁለቱ ጥናቶች መካከል የሞት መጠኑ በግማሽ ያህል መውረዱ የተሻለ ዜና ነው፤ በየመንገዱ ደረት መጫን የሚያውቁ ሰዎችና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሱ መሣሪያዎች በመብዛታቸው።

እንግዲህ ማጠናቀቂያው ላይ ሁለት ሰዎች ወድቀው ብናይ፣ ከጨረሰች በኋላ ቆማ የወደቀችው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ እግሯ ከፍ ተደርጎ ውሃ ቢቀርብላት ትነሳለች። ከመስመሩ ጥቂት መቶ ሜትሮች ቀርተውት እየሮጠ የተዘረረው የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ግን ደረቱን የሚጫን ሰው ይፈልጋል፤ ያውም ወዲያውኑ።

ስለ ሴቶች የምናውቀው ለምን ትንሽ ሆነ?

በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ሲደክሙ መታየታቸው “አይችሉም” ለማለት በቂ ሆኖ፣ ርቀቱ እስከ 1960 ድረስ ከኦሊምፒክ ተሰረዘላቸው። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው፤ የሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን የተጀመረው በ1984። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ለአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያውን የማራቶን ወርቅ ስታመጣ ውድድሩ ገና አራተኛ ጊዜው ነበር። የማይሮጥ ሰው አይለካም። የልብና የሩጫ ሳይንስ መሠረቱ የተጣለው በወንዶች ላይ ሆኖ፣ ብዙው ቀመር ለሴቶች በቅንነት ብቻ ተላልፏል።

አንድ ምሳሌ የሁላችሁም ክንድ ላይ አለ። ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት “220 ሲቀነስ ዕድሜ” ይባላል። በ2010 ከ5,400 በላይ የቺካጎ ሴቶችን መሠረት አድርጎ የወጣው ቀመር ግን “206 ሲቀነስ የዕድሜ 88 በመቶ” ነው። ለአርባ ዓመት ሴት የመጀመሪያው 180፣ ሁለተኛው 171 ይሰጣል። ሰዓቱ በ180 ከሠራ የልምምድ ደረጃዎቿን ሁሉ ከፍ አድርጎ ነው የሚያሰላላት።

የወር አበባ ዑደትም ሰዓቱን ያሳስተዋል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የሰውነት ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ይላል፤ የዕረፍት ምትም በጥቂቱ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን አይቶ “አላገገምሽም” ይላታል። እውነቱን ማወቅ የምትፈልግ ሯጭ የዛሬን ቁጥር ከትናንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ዑደት ተመሳሳይ ቀን ጋር ታነጻጽር። ከማረጥ በኋላ ደግሞ ታሪኩ ይለወጣል፤ ኤስትሮጅን ሲወርድ ደም ሥሮቹ ያንን ልስላሴ እያጡ ይሄዳሉ፣ ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ሕመም ዕድልም ወደ ወንዶቹ ይጠጋል። በሃያ አምስት ዓመት ሴቶች ላይ የተገኘን ውጤት ይዞ ለስልሳ ዓመት እናት ምክር መስጠት በወንድ መስፈርት ከመለካት ብዙ አይሻልም።

የቀረው ብረት ነው፤ እንደ እኔ እምነት ብዙ ሴት ሯጮች “ልቤ አላገገመም” የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ብረት ሲጎድል ሄሞግሎቢን ያንሳል፣ ልብ ያንኑ ኦክስጅን ለማድረስ ይበልጥ ይመታል፣ ቀላሉ ሩጫ ይከብዳል፣ ምቱ አልወርድ ይላል። ወር አበባ ይወስዳል፤ በረጅም ሩጫ እግር አስፋልቱን ሲመታም የተወሰኑ ቀይ ሴሎች ይፈነዳሉ። በዚያ ላይ ጉበት ከሩጫ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን አንጀት ብረት እንዳይቀበል በሩን ይዘጋል። የአትክልት ብረት ከሥጋ ብረት ይልቅ በዝግታ ስለሚገባ የጾም ወራት ለሯጭ ሴት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ምስር ወጡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ያግዳሉ፤ ከምግብ ጋር ወይም ምግቡ እንዳለቀ የሚጠጣ ቡና የብረቱን ብዙ እጅ ያስቀራል፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከተጠጣ ግን ብዙም አይነካውም። ቅዳሜ ረጅሙን ሮጣ የገባች ሴት እንግዲህ ቡናው መጀመሪያ ይፈላላት፤ ምግቡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳል። የብረት እንክብል ከመዋጧ በፊት ደግሞ ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ትለካ፤ ሳይጎድል የሚወሰድ ብረት ጉበት ላይ ይከማቻል።